ከስትሮክ ወራት በኋላ የመጣ የእጅ መንቀጥቀጥ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከስድስት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው፤ ጉዳቱ የአንጎል ግንድ ላይ ነው ተባልን። ተመስገን፣ የዛለው ቀኝ እጃቸው እየተመለሰ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ያው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሲኒ ሊያነሱ ሲሉማ ቡናው ይደፋል። ሁለተኛ ስትሮክ ይሆን? እናቴ የግፊት መድኃኒቱ ነው፣ ይቁም ትላለች።

መልስ፦ እባክዎ መድኃኒቱን እንዳታቆሙባቸው! ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት የግፊት መድኃኒቶች አንድ እጅን ብቻ ለይተው አያንቀጠቅጡም፤ ማቆሙ ግን ሌላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

የጻፉልኝ ምልክት በ1904 ጎርደን ሆምስ የተባለ ሐኪም የገለጸውንና በስሙ የሚጠራውን መንቀጥቀጥ ይመስላል። የአንጎል ግንድ ቀጭን ቢሆንም እንቅስቃሴን የሚያስተካክሉት የነርቭ መስመሮች ተጨናንቀው የሚያልፉበት ቦታ ነው። መስመሮቹ ሲቆረጡ መንቀጥቀጡ ወዲያው አይመጣም፤ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ቤተሰብ «እየዳኑ ሳለ ምን ነካቸው?» ብሎ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። እጅ ከሚያንቀጠቅጠው ሌላው የአንጎል ሕመም፣ ከፓርኪንሰን የሚለየው፣ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ እጅ ሥራ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ጋብ ሲል ይሄኛው ይብሳል። አንዳንዱ ታማሚ ደግሞ ላንቃው ያለማቋረጥ ይርገበገባል፣ አልፎ አልፎም ጆሮው ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሊሰማው ይችላል።

አዲስ ስትሮክ ድንገተኛ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም መቆም ካቃታቸው ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ይህ ካልሆነም የነርቭ ሐኪም ይያቸው፤ አንጎልን በምስል የሚያሳየውን ኤም አር አይ ምርመራ ማዘዙ አይቀርም። ለማቅለሽለሽ ፕላሲል ወይም ለአእምሮ ሕመም ወይም ለከባድ መረበሽ የሚታዘዘውን ሃሎፔሪዶል ይወስዱ እንደሆነ ይንገሩት፤ እነዚህም ያንቀጠቅጣሉ። ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ለፓርኪንሰን የሚታዘዘው ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት አንዳንዱን በደንብ ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውጥም፤ ስለዚህ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ይሞከራል። ክሎናዜፓም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ይታዘዛል፤ ግን ያደነዝዛልና ሌሊት ሲነሱ እንዳይወድቁ ሰው አጠገባቸው ይደር።

እስከዚያው ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፉ፤ ቡናውንም ከሲኒ ይልቅ እጀታ ባለው ከበድ ያለ ኩባያ፣ ከግማሽ ሳያልፍ ይቅዱላቸው። ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁም በፊት እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ፣ ወደፊት ሲዘረጋና ኩባያ ሲያነሳ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ የማይታየውን ያሳያል።