ማዕበሉ ሳይመጣ ደብተራችሁን ክፈቱ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ኤርፖርት ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁት ወይም ለመጀመር ላሰባችሁት ነው። መሐንዲስም ሁኑ፣ ሒሳብ ሠራተኛም ሁኑ፣ የድጎማ ማመልከቻ የምትጽፉም ሁኑ ለውጥ የለውም። እኔ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። መጀመሪያ በትንንሽ ኤርፖርቶች መሐንዲስ ነበርኩ፣ በኋላ የድጎማውን ወረቀት የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። ብዙ ሀሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስና ማዕበል፣ አይቻለሁ። ከሀሪኬኑ በኋላ የሚመጣውንም የወረቀት ክምር አይቻለሁ።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የጥገናው ገንዘብ የሚገኘው ከማዕበሉ በፊት ነው። ቼኩ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ይገባችኋል ወይስ አይገባችሁም የሚለው ግን የሚወሰነው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በሠራችሁት ነው።

በአንድ ማዕበል ማግስት ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ትንሽ ኤርፖርት ገባሁ። የመንደርደሪያው መብራቶች ኃይል የሚያገኙበት ትንሽ የብሎኬት ቤት አለ። በሩን ስንከፍት ውሃው ወጥቶ ሄዷል፣ ግድግዳው ላይ ግን ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ቡናማ መስመር ጥሏል። ከመስመሩ በታች ያለው ዕቃ በሙሉ ጨው በጨው ሆኗል። ጨው ውሃ የገባበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢደርቅም አይታመንም። የጥገና ኃላፊው ምንም አልተናገረም። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ደብተር አወጣ፣ ሜትሩን ከግድግዳው አስደግፎ ፎቶ አነሳ፣ ሰዓቱን ጻፈ። ወደ ኋላ ሲገልጥ አየሁት። ማዕበሉ ከመምጣቱ ከአምስት ቀን በፊት ያንኑ ክፍል ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንስቶ፣ የየዕቃውን ቁጥር መዝግቦ ነበር። ጀነሬተሩ መቼ ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ሎደሩን ማን ነዳው፣ ከየት እስከ የት ፍርስራሽ ጠረገ፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል። በእርሳስ የጻፈው እስክርቢቶ ዝናብ ላይ ስለሚፈስ ነው አለኝ።

ያቺ ደብተር ስንት ብር እንዳስገኘች የገባኝ በኋላ ነው፣ መዝገብ ያልያዘ የሌላ ኤርፖርት ማመልከቻ ከእሷ ጎን ሳየው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ሁሉንም «የመንግሥት እርዳታ» ብለው ባንድ ከረጢት ያስገቡታል። ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አለ። ፕሬዚዳንቱ የአደጋ አዋጅ ሲያውጁ፣ አካባቢያችሁም በአዋጁ ሲካተት፣ ተቀባይነት ካገኘው ወጪ ቢያንስ 75 በመቶውን ይሸፍናል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደግሞ ከ1982 ጀምሮ የኤርፖርት ማሻሻያ ድጎማ አለው። ለትንንሽ ኤርፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶና ከዚያም በላይ ይከፍላል፣ ለትልልቆቹ ግን ወደ 75 በመቶ ዝቅ ይላል። ክፍለ ግዛቱ የሚገባው እዚህ መሀል ነው። የፍሎሪዳ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የራሱ የአቪዬሽን ድጎማ አለው። የፌዴራል ገንዘብ ሲገኝ የቀረውን ድርሻ ያግዛል፣ ሳይገኝ ሲቀርም መደበኛ የመንገደኛ በረራ ለሌላቸው ኤርፖርቶች እስከ 80 በመቶ ሊሰጥ ይችላል። ለአንድ ድሃ ካውንቲ (በክፍለ ግዛቱ ሥር ላለ የአካባቢ አስተዳደር) ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሥር በመቶ እንኳ ሲያጡ ያየኋቸው አሉ።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ካወጣችሁ በኋላ የሚተካ ነው። መጀመሪያ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ደረሰኝ ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። ስለዚህ ከማዕበሉ በፊት ከካውንቲው ሒሳብ ክፍል ጋር ተቀመጡና «ለሦስት ወር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከየት እናመጣለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ያዙ።

ቀኖቹንም አትርሱ። ፌማ ዘንድ የእርዳታ ጥያቄያችሁን የምታስገቡት አካባቢያችሁ በአዋጁ ከተካተተ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ፍርስራሽ ማንሳትና የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ 6 ወር አለው፣ ቋሚ ጥገና 18 ወር። ማራዘሚያ ይጠየቃል፣ ግን በማራዘሚያ ተስፋ ሥራ አይጀመርም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ኤርፖርት ከማዕበል በኋላ ፍርስራሽ የሚያነሳ ተቋራጭ በጥድፊያ ቀጠረ። ውሉ «ያወጣሁት ወጪ ሲደመር ይህን ያህል በመቶ» የሚል ነበር። በፌዴራል የግዢ ደንብ እንዲህ ያለ ውል የተከለከለ ነው፣ ተቋራጩ ብዙ ባወጣ ቁጥር ብዙ ያተርፋልና። ውሉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ደንቡን ጠንቅቄ አላውቅም ነበር፣ አለፍኩት። ገንዘቡን ስንጠይቅ ትልቁ ክፍል ውድቅ ሆነ። የሚቀጥለው ዓመት የሀንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ጥገና ተሰረዘ፣ ሁለት ሰዎችም ከሥራ ተቀነሱ። የአንዱን ሰውዬ ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። እናንተ ይህን በሰው ሥራ ዋጋ እንድትማሩት አልፈልግም። ዛሬውኑ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጨረታ አውጡና ፍርስራሽ የሚያነሳ፣ ጣሪያ የሚሸፍን፣ ጀነሬተር የሚያከራይ ተቋራጭ በተወሰነ ዋጋ ቀድማችሁ ያዙ። ማዕበሉ ሲመጣ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የትርፍ ሰዓት ነገርም አለ። ፌማ ለአስቸኳይ ሥራ የቋሚ ሠራተኞቻችሁን መደበኛ ሰዓት አይተካም፣ ትርፍ ሰዓቱን ነው የሚተካው፣ እሱንም ከአደጋው በፊት በጽሑፍ በነበረ የክፍያ መመሪያችሁ መሠረት። ሠራተኛው ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ሠርቶ መመሪያው የተጻፈው ከማዕበሉ በኋላ ከሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሁለት ገጽ ወረቀት ናት። ጻፏት፣ አስጸድቋት።

ስለ አስፋልትም ላንሳ፣ ምክንያቱም ክርክር የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። የመንደርደሪያው ጠርዝ ሲሰነጠቅ ሊያይ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ማዕበሉ ያመጣው ነው ወይስ የቆየ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ አትቆጡ። የፌዴራል ድጎማ የወሰደ ኤርፖርት አስፋልቱን የሚጠብቅበትና የሚመዘግብበት ፕሮግራም እንዲኖረው ግዴታ ገብቷል። በየወሩ በመኪና ዞሮ ማየት፣ በየጊዜው ደግሞ በደንብ መፈተሽ። ያንን መዝገብ በትክክል የያዘ ኤርፖርት በሁለት ደቂቃ ይመልሳል፦ «ባለፈው ወር ይህ ስንጥቅ አልነበረም፣ ይኸው ፎቶው፣ ይኸው ቀኑ።» ያልያዘው ለወራት ይከራከራል፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። አንዳንድ ወጣቶች ይህ ወርሃዊ ዙር አሰልቺ ነው ይሉኛል። ለእኔ በኤርፖርት ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የዝግጁነት ሥራ የለም።

ሲጠግኑም እንደነበረ ብቻ መልሶ መሥራት አይበቃም። የተጎዳውን ነገር ሲጠግኑ ዳግም እንዳይጎዳ የሚያደርገውን ተጨማሪ ሥራ፣ ወጪው የሚያዋጣ መሆኑን ካሳያችሁ፣ ፌማ ሊሸፍን ይችላል። ያ ጨው ውሃ የገባበት ክፍል ወለሉ ከፍ ተደርጎ ነው ዳግም የተሠራው። ካልጠየቃችሁ ግን «ይህን ጨምሩ» ብሎ የሚለምናችሁ የለም።

አንዳንዱ ሰው ለትንሽ ኤርፖርት ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይላል። በ2024 መስከረም መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሄሊን የተባለው ሀሪኬን የሰሜን ካሮላይናን ተራሮች ሲመታ መንገዶቹ ተቆረጡ፣ ትልቁ አይ-40 አውራ ጎዳና ራሱ በወንዝ ተበላ። ሰው ምግብ፣ ውሃና መድኃኒት ያገኘው በአየር ነበር። የአሽቪል ኤርፖርት የእርዳታ ማዕከል ሆነ፣ እንደ ሂከሪ ካሉ ትንንሽ ኤርፖርቶች ደግሞ በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች በግል አውሮፕላናቸው ይመላለሱ ነበር። በ2005 ካትሪና የተባለችው ሀሪኬን ኒው ኦርሊንስን ስታጠልቅም የከተማው ኤርፖርት ተርሚናል የበሽተኞች ማረፊያ ሆኗል። ትልልቆቹ ኤርፖርቶች በሕግ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አላቸው፣ በሦስት ዓመት አንዴም ሙሉ ልምምድ ያደርጋሉ። ትንንሾቹን ግን ይህ ሕግ አያስገድዳቸውም። ለዚህ ነው የክፍለ ግዛት ድጎማ ለጀነሬተር፣ ለነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ ለሬዲዮና ለልምምድ ሲውል ደስ የሚለኝ። ዕቃው ሲመጣ ግን በሳጥኑ አታስቀምጡት። ጀነሬተሩን በባዶ ሳይሆን ሸክም አሸክማችሁ ሞክሩት፣ ሌሊት፣ የመንደርደሪያው መብራት በሙሉ በርቶ።

ትልቅ መሆንም ብቻውን አያድንም። በዚያው በ2024 ኦክቶበር 9 ሚልተን የተባለው ሀሪኬን ሲያልፍ በፍሎሪዳ የሳራሶታው ኤርፖርት ተርሚናል ጣሪያው ተገሽልጦ እስከ 16ኛው ቀን ተዘግቶ ቆይቷል።

ጎረቤትም ይኑራችሁ። በደቡብ ምሥራቅ ያሉ ኤርፖርቶች ከ2004ቱ ሀሪኬኖች በኋላ ሲዶግ የሚባል የመረዳጃ ቡድን አቋቁመዋል። ማዕበል ያልነካቸው ለተነኩት ሰውና ዕቃ ይልካሉ። ቤቱ የፈረሰበት ሠራተኛ ቤተሰቡን እንዲያይ፣ ከሌላ ኤርፖርት የመጣ ሰው በእሱ ቦታ ይቆማል። ይህን ሳይ ሁሌም ልቤ ይነካል። ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጉት፣ በቃል የተባለ እርዳታ ወጪው ሲጠየቅ ያጨቃጭቃል።

የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ይጀምራል። በሜይ አንድ ሙሉ ቀን ውሰዱ። ከአጥሩ ጀምራችሁ እስከ ነፋስ አመልካቹ ድረስ በእግር ዙሩ፣ ስልካችሁ ቀንና ቦታ እንዲመዘግብ አድርጋችሁ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። የሀንጋሮቹን ጣሪያ፣ የነዳጅ ጣቢያውን፣ የመብራት ቤቱን ውስጥ፣ የየዕቃውን ቁጥር። አንድ ቅጂ ከኤርፖርቱ ውጪ አስቀምጡ፣ ቢሮው ራሱ ሊሰጥም ይችላል። ወረቀቱን የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባ በኋላም ቢያንስ 3 ዓመት አትጣሉት፣ ኦዲተሩ ሁሉን ከረሳችሁ በኋላ ነው የሚመጣው። ኪሳችሁ ውስጥም ደብተርና እርሳስ ይኑር።