ጭኔን የሚልጠው ክሎሪኑ ነው ወይስ ልብሱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 36 ነው፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ለወገብ ሕመሜ ዋና ይጠቅምሻል ስለተባልኩ ከጀመርኩ ወር ሆኖኛል። ሰውነቴን ሸፍኜ መዋኘት ስለምፈልግ የጥጥ ታይትና ሰፊ ቲሸርት ነው የምለብሰው። አሁን የጭኔ ውስጥ ተልጦ ያቃጥለኛል፤ ብሽሽቴና ጡቴ ሥር ደግሞ ቀልቶ ያሳክከኛል። ሰዎች የውሃው ኬሚካል ነው ይሉኛል። ዋናውን ልተው? ወይስ ምን ዓይነት ልብስ ልግዛ? የ6 ዓመት ልጄንም ይዣት መሄድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ዋናውን አይተዉት። ለወገብዎ ይጠቅማል፣ የነገሩኝ ችግር ደግሞ ልብስ በመቀየርና ከውሃ እንደወጡ ባለው ሰዓት ጥንቃቄ በማድረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከል ነው።

ክሎሪን ቆዳን ያደርቃል፣ ሊያሳክክም ይችላል። ነገር ግን ክሎሪን ያስቸገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳክከው ውሃ የነካው ቦታ ሁሉ ነው፤ ክንዱም፣ ጀርባውም፣ ቅልጥሙም። የእርስዎ ቦታ መርጧል። ጭን ከጭን የሚፋተግበት፣ ብሽሽትና ጡት ሥር፣ እርጥበትና ፍትጊያ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ከውሃው በፊት የምጠረጥረው ልብሱን ነው።

ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ይረግባል፣ ቶሎም አይደርቅም። እግርዎን በመቱ ቁጥር ያ የከበደ ጨርቅ ጭንዎን ይፈትገዋል፤ ረጥቦ የቆየ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ሰፊው ቲሸርትም ውሃ ውስጥ እየተነፋ ወደ ላይ ይወጣና ሊሸፍኑት የፈለጉትን ሆድ ያጋልጣል፣ ክንድንም ወደ ኋላ ይጎትታል። ሌላው ጥፋት ከዋና በኋላ የሚመጣው ነው። ድሬዳዋ ሙቀቱ ስለሚያስመርር ብዙ ሰው እርጥቡን ታይት ሳያወልቅ ላዩ ላይ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ ደርቦ ባጃጅ ውስጥ ይገባል፤ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ ደስ ይላል። ነገር ግን የተቀመጡበት እርጥብና ሞቃት ጨርቅ ፈንገስ የሚወደው ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ያለውን ቁስል እናድን። የተላጠው ቆዳ እስኪገጥም ከውሃ ይረፉ፤ አዲስ ፍትጊያ ካልደረሰበት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። ለብ ባለ ውሃ ታጥበው፣ ሳይፈትጉ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ አድርቀው ጠዋትና ማታ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡት። ብሽሽቱና ጡት ሥር ያለው ግን ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚቀረፍ ከሆነ፣ ወይም ደም መስሎ ቀልቶ ዙሪያው ትንንሽ ነጠብጣብ ካለው፣ ፈንገስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት በደንብ በደረቀ ቆዳ ላይ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀቡ። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ያኔ ቢያቆሙት ተመልሶ ይመጣል። አደራ የምልዎ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት በራስዎ ገዝተው እንዳይቀቡ ነው። ቅላቱን ስለሚያጠፋው የዳነ ይመስላል፣ ፈንገሱ ግን ከሥሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ የብሽሽት ቆዳም ይሳሳል። በ2 ሳምንት ለውጥ ካላዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ። ፈንገሱ እየተመላለሰ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ስኳርዎን ይለኩ። መግል፣ ትኩሳት ወይም እየተስፋፋ የሚሄድ ትኩስ እብጠት ካለ ግን ለነገ አያሳድሩት።

አሁን ወደ ልብሱ። ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ ያንብቡ። ናይለን ወይም ፖሊስተር ኤላስታን ከሚባለው የሚለጠጥ ክር (ላይክራ ወይም ስፓንዴክስ ተብሎም ይጻፋል) ጋር የተቀላቀለበት ይሁን። ክሎሪን ኤላስታንን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ በሳምንት 3 ጊዜ ለሚዋኝ ሰው ፖሊስተር የበዛበት ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፣ ናይለን የበዛበት ደግሞ ለገላ ይለሰልሳል። መሸፈን ለሚፈልግ ሰው ቡርኪኒ የሚባለው ሙሉ የዋና ልብስ፣ ወይም እጅጌው ረዥም የሆነ ጠበብ ያለ የዋና ቶፕ ከዋና ታይት ጋር ጥሩ ምርጫ ነው። ቶፑ ወገብ ላይ ከታይቱ ጋር በቁልፍ ወይም በማሰሪያ የሚያያዝ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወደ ላይ አይወጣም። የፀጉር መሸፈኛው ጭንቅላት ላይ የሚጣበቅ፣ መርፌ ቁልፍ የሌለውና ጫፉ የማይንጠለጠል ይሁን። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስ ግን እግር ላይ ስለሚጠመጠም ለዋና አደገኛ ነው።

እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲሄዱ የዋና ልብስ ካጡ የፖሊስተር የስፖርት ታይትም ይሆናል። ጨርቁን በሁለት እጅዎ ወጥረው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ማዶው ከታየ ሲረጥብ ይብሳል። ሲለቁት ወዲያው ካልተሰበሰበ፣ ወይም ሲለጠጥ ከውስጡ የመሰነጣጠቅ ድምፅ ከተሰማ ላስቲኩ አልቋል፣ ይተዉት። ልባሽ ጨርቅ ውስጥ የሚገኙት የዋና ልብሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ደግሞም ከገላ ጋር የሚጣበቅ ልብስ ስለሆነ አዲስ ቢገዙ ይሻላል። ከዚያ ገልብጠው ስፌቱን በጣትዎ ይዳስሱ። በተለይ ብሽሽትና ብብት ላይ ያለው ስፌት ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ጎርበጥ ያለ ስፌት ጭንን እንደ ሞረድ ይሞርዳል።

ሲለኩ ቆሞ መስታወት ማየት ብቻ አይበቃም። ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ዘርጉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ቁጢጥ ብለው 5 ጊዜ ይነሱ። ቶፑ ከወገብ ከተነሳ አጥሯል፤ ብሽሽት ላይ ከተሸበሸበ ሰፍቷል። ወገቡና ማንገቻው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ ሦስት ከገባ ግን ልብሱ ሲረጥብ ስለሚላላ ይሰፋብዎታል። ከሥሩ የጥጥ ፓንትና ጡት ማስያዣ አይልበሱ፤ ልብሱን የቀየሩበት ጥቅም ሁሉ እዚያ ላይ ይጠፋል። የወር አበባ ላይ ከሆኑ ሞዴስ የገንዳውን ውሃ ስለሚመጥ አይሠራም፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ታምፖን ወይም የወር አበባ ካፕ ያስፈልጋል።

ገንዳው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ሻወር ይውሰዱ፣ ልብሱንም በንጹሕ ውሃ ያርጥቡት። ንጹሕ ውሃ የጠገበ ጨርቅ የገንዳውን ውሃ ብዙ አይመጥም። ዓይን የሚያቃጥለውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም ከንጹሕ ክሎሪን የሚመጣ አይደለም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። በድሬ ሙቀት ላብ በላብ ሆኖ የመጣ ሰው ሳይታጠብ ሲገባ ሌላውንም ይጎዳል። ሻወሩን ጨርሰው የጭንዎን ውስጥና ብብትዎን ካደረቁ በኋላ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡና ይግቡ። ከውሃ እንደወጡ ወዲያው አውልቀው፣ በሳሙና ታጥበው፣ እጥፋቶቹን አድርቀው፣ ደረቅ የጥጥ የውስጥ ልብስና ሰፋ ያለ ቀሚስ ይልበሱ። ጥጥ ቦታው እዚህ ነው።

የዋና ልብሱን ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሳይጠመዝዙ ጨምቀው ጥላ ላይ ይስጡት። በረኪናና ካውያ አይንካው፣ ሁለቱም ላስቲኩን ይጨርሱታል። ፌስታል ውስጥ ታስሮ ያደረ የዋና ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም።

የልጅዎ ጉዳይ አጭር ነው። እጅጌ ያለው ጠበብ ያለ የዋና ልብስ ከፀሐይም ይከላከልላታል፤ የረጠበ ቲሸርት ፀሐይ ያሳልፋል። ሆኖም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይውሰዷት። ሐረር ወስደው የሚያዋኟት ከሆነ አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ አያታልልዎ፤ ከፍታው ስለሚበልጥ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር እዚያ ይጠነክራል። የልብሷ ቀለም ደማቅ ብርቱካን ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን። ሰማያዊ ወይም ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ ገንዳ ውስጥ ቢሰምጥ ከላይ ሆኖ ለሚጠብቀው ሰው ቶሎ አይታይም። እርስዎም ልጅቷ ውሃ ውስጥ እስካለች ድረስ እጅዎ ከሚደርስበት ርቀት አይራቁ።