ጣሪያውን ሳይወስኑ መስታወት አይግዙ

ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለው የአያቶችዎ ሰፊ ግቢ፣ ከአሮጌው ቤት በረንዳ ጋር የተያያዘ 6 በ8 ሜትር የሆነ የመስታወት የአትክልት ቤት ለመሥራት ማሰብዎንና ለጣሪያው የትኛው መስታወት እንደሚሻል መጠየቅዎን አነበብኩ። እኔም በወላጆቼ ግቢ፣ እዚሁ መሀል ከተማ፣ ልክ በዚህ ስፋት ሠርቼ ግማሹን አፍርሼ እንደገና ስለሠራሁት፣ ጥያቄዎን ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ልጀምር። ከመስታወቱ ዓይነት በፊት የሚወሰነው፣ ጣሪያው ከናካቴው መስታወት ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ነው።

1ኛ፦ ፎቶግራፎቹን ወደ ጎን ያስቀምጧቸው። እርስዎም እንደ እኔ የእንግሊዞችን የመስታወት ቤቶች ሥዕል ሰብስበው እንደሚሆን እገምታለሁ። በለንደን ኪው የሚገኘው የዘንባባ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1848 ሲሠራ ከወለሉ ሥር ማሞቂያ ቦይለር ገብቶለት፣ ጭሱም በምድር ውስጥ ተስቦ ራቅ ብሎ ባለ ግንብ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። የዚያ አገር ጭንቀት ብርድ ነው፤ የብርድ ወራት ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም ከፍ ስለማትል ያገኙትን ሙቀት ለቃቅመው መያዝ አለባቸው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በቀሩትም ወራት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ እዚህ የሚጠበሰው ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ነው።

ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ሥራውን የያዘልኝ ባለሙያ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር በ6 ሚሊ ተራ መስታወት አለበሰው። ከአናቱ ላይ መክፈቻ እንዲተውልኝ ስጠይቀው «ዝናብ ያስገባብዎታል» ብሎ ሁሉንም በሲልከን አሸገው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳልከራከር ተስማማሁ፣ ያለ መክፈቻ ሲታይ ያምር ነበርና። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ስገባ ቴርሞሜትሩ 44 ዲግሪ ያሳይ ነበር። የኦርኪዶቹ ቅጠል መጀመሪያ ነጣ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሰና ከግንዱ እየተላቀቀ ወደቀ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ወደ ላይ ከተመለከቱ በኋላ «ማድ ቤት እንኳ ጭስ መውጫ አለው፤ ይሄ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?» አሉኝ። ኢንጂነር ያልነገረኝን አክስቴ ነገሩኝ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ በረዶ ወረደ። ሁለት መስታወቶች ተሰበሩ፤ ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላዋ እየተሰነጠቀ ስለሚወርድ፣ አንዱ ስባሪ አባቴ ከአሥር ደቂቃ በፊት ተነሥተው በሄዱበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተተክሎ አገኘሁት። ከሰው አናት በላይ የሚሆን መስታወት ላሚኔትድ፣ ማለትም ሁለት መስታወት በስስ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ካልሆነ አይሁን፤ ቢሰበርም ፕላስቲኩ ይዞት ይቆያል። ክብደቱንም አስቀድመው ያስሉ፤ 6 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል፤ የእኔ ቀጭን አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ፣ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት በሁለተኛው ክረምት መጉበጥ የጀመረው በዚህ የተነሣ ነው።

2ኛ፦ ስለ ፈቃድ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥን ግንባታ አነስተኛ ግንባታዎች በሚገቡበት በምድብ «ሀ» ያስቀምጠው ነበር፤ የእኔ 6 ሜትር ስለነበር ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሄድኩበት ቢሮ ባለሙያ ግን ፕላኑን ገልበጥ አድርገው አይተው «ሱቅ ነው ወይስ ካፌ?» አሉ። አበባ የሚተከልበት ቤት መሆኑን ሳስረዳ «ለአበባ ብሎ መስታወት ቤት የሚሠራ ማነው?» ብለው ጎናቸው ያሉትን ሠራተኛ አስቁብኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ተመላለስኩ፤ አንድ ጊዜ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው፣ ሌላ ጊዜ ፋይሉ አልተገኘም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሠራተኛ በትሕትና «የመስታወት ቤት የሚለውን ያውጡትና የመኖሪያ ቤት ማስፋፊያ፣ የበረንዳ ግንባታ ይበሉት» አለችኝ፤ እንዳለችው ጽፌ በሁለት ቀን ወጣልኝ። እርስዎም ከመጀመሪያው እንዲህ ብለው ያስገቡ። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ግን አስቀድመው ያጣሩ፤ ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከበረንዳው አንዲት ጣውላ ለመንካት እንኳ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግዎታል።

3ኛ ብዬ ስለ ተክል ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ጣሪያውን እንዴት እንዳዳንኩት ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልኩም። ሆለታ በአበባ እርሻ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው አግኝቼ አመጣሁ። ገና ከመግባቱ ቀና ብሎ አየና «ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እናንተ ክዳን ገጠማችሁበት» አለ። በዘርፉ የተለመደው ልክ የጣሪያ መክፈቻው ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል እንዲሆን ነው፤ ለ48 ካሬ ሜትር ወደ 10 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ የእኔ ዜሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የጣሪያውን አናት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን ሁለቱንም ጎን የሚከፈት አደረግን፤ ከግድግዳው ግርጌም ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት መስኮት ተውን።

የደቡቡን ተዳፋት በሙሉ ከላይ በቆርቆሮ፣ ከሥሩ በጣውላ ሸፈንነው፤ ምክንያቱም ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚውልበት ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ሰሜን በምታዘነብልበት በክረምት ደግሞ ደመናው ራሱ ይጋርዳታል፤ ስለዚህ ላሚኔትድ መስታወቱ የቀረው በሰሜኑ ተዳፋት ብቻ ነው። አሁን በየካቲት ቀትር ላይ ከ29 ዲግሪ አልፎ አላየሁም፤ ይህንን ስጽፍ ትንሽ ብኮራ ይቅር ይበሉኝ።

አሸንዳውን አይርሱ። በከተማችን በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስለሚዘንብ፣ ከ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ57,000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። እኔ ወደ ሮቶ አስገብቼዋለሁ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ግን አሸንዳ ስላልነበረው የጎረቤቴን አጥር ሥር ቦርቡሮ ካሣ አስከፍሎኛል።

ተክሉን በሚመለከት ከውጭ የመጣ ኦርኪድ ላይ ገንዘብዎን አያፍስሱ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ይጎዳዋል። እኔ በቦታው እንሶስላ ተከልኩ፤ እናቶቻችን እጅና እግር የሚያቀሉበት ሥሩ ነው፤ አበባው ግን ትልቅና ነጭ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ የራሳችን ደጋ ተክል ነው። ከጎኑ ፈርንና ሁለት እግር ቡና አሉ። ኮባ ግን ለዚህ ስፋት አይሆንም፤ በሁለት ዓመት ጣሪያ ነክቶብኝ ነቅያለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄደው የአገራችንን ተክሎች ቢያዩ ይጠቅምዎታል።

ከጣሪያው ያወረድኳቸው 11 ሙሉ መስታወቶች እስከ ዛሬ ከጋራዡ ጀርባ ተደግፈው ቆመዋል። ለጎን ግድግዳ የሚፈልጓቸው ከሆነ መጥተው በነፃ ይውሰዷቸው፤ ለጣሪያ ከሆነ ግን አልሰጥም።