አባላዘሩን ከፍሪጅ ያውጡት

ጥያቄው የመጣው አዳማ ዳር አሳማ ከሚያረቡ አንባቢ ነው። «ከአውራው የወሰድኩት አባላዘር ወዲያው በማይክሮስኮፕ ሳየው በደንብ ይንቀሳቀሳል። አቅጥኜ ፍሪጅ አስገባለሁ። በማግስቱ ግን ሞቶ አገኘዋለሁ። ያዳቀልኳቸው እናቶችም ሳይፀንሱ በ21 ቀናቸው ወደ ድራት (አውራ ወደ መፈለግ) ይመለሳሉ። አውራውን ልቀይር?»

አይቀይሩት። ሲወሰድ ደህና ከነበረ ችግሩ ከአውራው አይደለም፤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሪጅዎን ነው። ከከብት የመጣን አዳቃዮች እዚህ ላይ በቀላሉ እንሳሳታለን። የኮርማ አባላዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲቀመጥ ስላየን፣ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሻል ይመስለናል። የአሳማው የዘር ህዋስ ግን ብርድ አይችልም። ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ሽፋኑ ይጎዳል። የቤት ፍሪጅ ደግሞ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔም አሳማ ስጀምር የለፋሁበትን አባላዘር እንዲሁ ገድያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

17 ዲግሪ ላይ ያቆዩት፤ ከ15 አይውረድ፣ ከ18 አይለፍ። ልዩ ማቆያ ካላገኙ ክዳን ያለው የፎም ሳጥን ይፈልጉና ቀዝቃዛ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ያስገቡበት። ቴርሞሜትር ከውስጡ አይጥፋ። በአዳማ ሙቀት ጠርሙሶቹን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግድ ነው። በረዶ አባላዘሩን አይንካው። ካቀጠኑትም በኋላ በአንዴ አያቀዝቅዙት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቆይ። ጠዋትና ማታ የአባላዘሩን ጠርሙስ ቀስ አድርገው ያገላብጡት፣ ግን አይናጡት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በማግስቱ ሲያዩት አሙቀውት ነበር? ከቅዝቃዜ የወጣ ጠብታ ሳይሞቅ ከታየ በሕይወት እያለም የሞተ ይመስላል። ጠብታውንም የማይክሮስኮፑን መስታወትም 37 ዲግሪ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ይዩት። ያኔ ከ100 ህዋስ 70ው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይጠቀሙበት።

ማቅጠኛውን (አባላዘሩን የሚያቀጥኑበትን ዱቄት) በቧንቧ ውሃ አይበጥብጡ፤ ዲስትልድ ውሃ ይግዙ። ከአባላዘሩ ጋር ሲቀላቅሉት የሁለቱ ሙቀት እኩል ይሁን። የላቴክስ ጓንት ህዋሱን ስለሚመርዝ በቪኒል ይተኩት። ከአውራው ሲወስዱ መጀመሪያ የሚወጣውን ፈሳሽ ይድፉት፣ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነው። ዝልግልጉን ደግሞ በጎዝ ያጥልሉት። የመቀበያው ፔርሙስ ሞቅ ያለና ደረቅ ይሁን፤ ጠብታ ውሃ እንኳ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ አስተካክለው፣ ገና ሲወሰድ ደካማ ሆኖ ካገኙት ግን ያለፉትን ሁለት ወራት ሙቀት ያስታውሱ። አንድ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ ወር ከግማሽ ገደማ ይፈጃል። የሚያዝያ ሙቀት የጎዳው አውራ ጉዳቱን የሚያሳየው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ያድርጉት፣ በቀትር ውሃ ይርጩለት። ለመሸጥ ከመወሰንዎ በፊት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይታገሱት፤ በየሳምንቱም ወስደው እያዩ ይመዝግቡ።