መዳብና ጋልቫናይዝድ በአንድ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ላይ

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በመኖሪያ ቤቴ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለማሠራት ከአንድ ብየዳ ቤት ጋር ተነጋግሬ ነበር። ባለሙያው ፀሐይ የሚቀበለውን ክፍል በመዳብ ቱቦ፣ ታንከሩን በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በተለበጠ ብረት) ላሜራ፣ መስመሩን በሙሉ ደግሞ በፒፒአር የፕላስቲክ ቱቦ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦልኛል። ምርጫው ያዋጣል?

መልስ፦ መዳቡን በተመለከተ ባለሙያው አልተሳሳተም፤ መዳብ ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፣ ለመበየድም አያስቸግርም። አሳሳቢው ታንከሩ ነው። ውሃ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እጅግ ጥቂት መዳብ አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ መዳብ በጋልቫናይዝዱ ላይ ሲያርፍ ዚንኩን፣ ቀጥሎም ብረቱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ውሃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ቢሆን ኖሮ ጋልቫናይዝዱን ከመዳቡ በፊት በማስቀደም ጉዳቱን ማስቀረት ይቻል ነበር። እዚህ ግን የሞቀው ውሃ ወደ ታንከሩ ወጥቶ የቀዘቀዘው ወደ መዳቡ እየወረደ ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር፣ ቀዳሚና ተከታይ የሚባል የለም። ሁለቱን ብረቶች በፕላስቲክ ማያያዣ መለየትም የቀጥታ ንክኪን ከማስቀረት በቀር በውሃው የሚጓዘውን መዳብ አያግድም። ከዚህም በላይ፣ ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ዚንክ ብረቱን የመጠበቅ ችሎታው ይዳከማል።

ስለዚህ ታንከሩን 304 በሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት ያሠሩ፤ ጨዋማነት ያለው የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ 316 የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ብየዳው በአርጎን ጋዝ ይሁን፤ በብየዳው ዳር የሚቀረው ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ተጠርጎ ካልጠፋ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ፒፒአር ለዘለቄታው የሚመቸው እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ሰፈር ደግሞ ማሞቂያው ባዶውን ፀሐይ ላይ የሚውልበት ቀን ስለሚኖር፣ በዚያን ጊዜ የመዳቡ ሙቀት ከ150 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከመዳቡ ወደ ታንከሩ የሚወጣው መስመር ራሱ መዳብ ይሁን፤ ፒፒአሩ ከታንከሩ ወደ ቤት ለሚወርደው መስመር ይበቃል፣ እሱም ለሙቅ ውሃ የተሠራው ባለወፍራም ግድግዳው ነው። በዚሁ ከፍተኛ ሙቀት ምክንያት፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ብለው ከመዳቡ ጀርባ ፎም አያስገቡ፤ ፋይበር ይጠቀሙ።

በጀቱ ካጠረዎት የታንከሩን መጠን ከ200 ወደ 150 ሊትር ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ የማይዝገውን ብረት ግን በሌላ አይቀይሩት።