ፎር ኬ ቲቪው በ60 ሄርዝ እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ዴስክቶፔ ላይ ያለው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1060 ነው። 55 ኢንቹን ፎር ኬ ቲቪ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና በ10 ሜትር ኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘሁት። በ30 ሄርዝ ምስሉ ጥርት ይላል፣ ግን ማውሱ ይጎተታል፣ ጌም መጫወትማ አይታሰብም። 60 ላይ ሳደርገው ነጫጭ ነጠብጣብ ይበተንበታል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይጠፋል። ጥገና ቤት ብወስደው «ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። በዚያ ላይ የኮምፒውተሩን ሳጥን ስነካ ትንሽ ይነዝረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ካርድ እንዳትገዛ። እየሞተ ያለ ካርድ ጌም ስትከፍት ኮምፒውተሩን ያደርቅብሃል፣ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ካሬዎች ያመጣል፣ ይሄን ሲያደርግ ደግሞ 30 ነው 60 ነው ብሎ አይመርጥም። ያንተ የሚያስቸግረው 60 ላይ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ፎር ኬ ማለት 3840 በ2160 ፒክስል ነው፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ይሄን ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ (60 ሄርዝ የሚባለው ይሄ ነው) በሙሉ ቀለም ለመላክ ኬብሉ በሰከንድ ወደ 18 ጊጋቢት ማሳለፍ አለበት። በ30 ሲሆን ግማሹ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኤችዲኤምአይ ደረጃ፣ 2.0፣ ለዚህ ይደርሳል፤ የቀድሞው 1.4 ግን በሙሉ ቀለም ከ30 አያልፍም። 1060 እ.ኤ.አ. የ2016 ካርድ ነው፣ 2.0 አለው። ካርድህ እንደ 750 ቲአይ ያለ የቆየ፣ 1.4 ብቻ ያለው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምልህ።

እኔ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። ነጫጭ ነጠብጣብ ማለት ዳታው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ፍጥነት ደግሞ ለተራ የመዳብ ኬብል 10 ሜትር በጣም ብዙ ነው። እኔም ቤት ይሄው ደርሶብኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድራይቨር ስጭንና ሳጠፋ ከርሜያለሁ። በመጨረሻ የጎረቤት ዲሽ ሪሲቨር ላይ የነበረ፣ ክንድ የማይሞላ ኬብል ተውሼ ሰካሁት፤ ወዲያው 60 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ምንም ሳትገዛ የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈት፣ ቼንጅ ሪዞሉሽን ውስጥ ግባና አውትፑት ከለር ፎርማት የሚለውን ዋይሲቢሲአር 420 አድርገው፣ ከዚያ 60 ላይ ሞክር። 420 የቀለሙን መረጃ ስለሚቀንስ የሚላከው ዳታ በግማሽ ይወርዳል። ምስሉ ከተረጋጋ ካርዱም ቲቪውም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የኬብሉ ነው። ጽሑፍ ስለሚያደበዝዝ ግን ለሙከራ ብቻ ተጠቀምበት።

ከዚያ በኋላ ምርጫህ ሁለት ነው። ኮምፒውተሩን ቲቪው ሥር አምጥተህ 2 ሜትር ኬብል መጠቀም፣ ወይም ለ10 ሜትሩ ኦፕቲካል ኤችዲኤምአይ የሚባለውን፣ ዳታውን በብርሃን የሚያሳልፈውን ኬብል መግዛት። ኦፕቲካሉ አቅጣጫ አለው፣ ሶርስ የተጻፈበት ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚሰካው። እኔን ብትሰማኝ ኮምፒውተሩን ታንቀሳቅሰዋለህ፣ ገመድ አልባ ማውስና ኪቦርድ ከኦፕቲካሉ ይረክሳል። የቲቪውንም ሴቲንግ እይ፤ ሳምሰንግ ላይ ኢንፑት ሲግናል ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ደግሞ ዲፕ ከለር የሚለው ለሰካህበት ፖርት መብራት አለበት።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ንዝረቱ። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ብረት ያፈሳል፣ ይሄ በተፈጥሮው ነው። ወደ መሬት የሚወርድ የግራውንድ ሽቦ ካለ ይወስደዋል። ከሌለ ግን እዚያው ሳጥኑ ላይ ይቀራል፣ በቴስተር ብትለካው የ220 ቮልት ግማሽ አካባቢ ሊያሳይህ ይችላል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አንተን ነዘር ከማድረግ አያልፍም፤ ኤችዲኤምአይ ስትሰካ ግን ያ ሁሉ ቮልት መውጫ አገኘሁ ብሎ በፖርቱ በኩል ሊያልፍና የካርዱን ወይም የቲቪውን ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። ያኔ እውነትም ካርዱ ይሞታል።

ስለዚህ ኬብል ከመስካትህም ከመንቀልህም በፊት ኮምፒውተሩንም ቲቪውንም ከሶኬት ንቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የዲሹንም ገመድ ከቲቪው አውጣ። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር አስነሳቸው። ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት ስላየህ ብቻ አትመን፣ ከኋላው ሽቦ ላይኖር ይችላል፤ ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ይይልህ። ንዝረቱ እጅህን የሚያስነሳ ከሆነ ደግሞ እስኪታይ ድረስ ኮምፒውተሩን አታብራው።

ጥያቄ፦ ከሻርጃ ነኝ። እኔም ኮምፒውተሬን ከቲቪ ጋር አገናኝቻለሁ። ምስሉ አይጠፋም፣ ግን ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ነጭ ጥላ አላቸው፣ ታስክባሩም በግማሽ ተቆርጧል። ቲቪው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። ቲቪው የሚያሳየው ፊልም ስለመሰለው ጠርዙን እየቆረጠ ምስሉን ይለጥጠዋል፣ የፊደሉንም ጠርዝ ሊያጎላው ይሞክራል። በሪሞቱ የምስሉን መጠን ጀስት ስካን ወይም ፊት ቱ ስክሪን ወደሚለው ቀይሪው። ከዚያ የኤችዲኤምአዩን ስም ፒሲ በይው፣ ብዙ ቲቪዎች በዚህ ብቻ ይስተካከላሉ። ጥላው ካልጠፋ ሻርፕነስን ፊደሉ ንጹህ እስኪሆን ድረስ አውርጂው።