ቤቴን የሚሸጥልኝ የጓደኛዬ ልጅ ነው፤ ላሰናብተው?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጉዳዬ የቤት ሽያጭ ነው። የቤት ሽያጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አላስቸግርዎትም ነበር።

እኔና ባለቤቴ በ2013 የገዛነውን ታውንሃውስ ልንሸጥ ወስነናል። ልጆቹ ወጥተዋል። ትልቋ አትላንታ ወልዳለች፤ እኛም ወደ እሷ ልንጠጋ ነው። ቤቱን እንዲሸጥልን የሰጠነው ለጓደኛዬ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጽዋ ማኅበር ነን። ልጁ እጄ ላይ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ኮሌጅ ሲመረቅ የድግሱን እንጀራ የጋገርኩት እኔ ነኝ። የሪል እስቴት ላይሰንስ ካወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ «ልጅሽ እያለ ለማን ልትሰጪ ነው?» ስትለኝ ምን ልበላት?

የስድስት ወር ውል ፈረምን። ቤቱ ማርች መጀመሪያ ላይ በ565 ሺህ ዶላር ለገበያ ወጣ። ዛሬ 71 ቀኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 19 ሰው መጥቶ አየ፤ አንድም ኦፈር አልመጣም። ከዚያ በኋላ ጭር አለ። ኤፕሪል ላይ 10 ሺህ ቀነስን፤ ለውጥ የለም።

ፎቶውን ያነሳው በራሱ ስልክ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ የሽንት ቤቱ ክዳን ተከፍቶ ይታያል። ይህንን የነገረችኝ እኅቴ ናት፣ ከሲያትል ደውላ! ልጁ ስደውልለት አያነሳም። ባለፈው ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁት። ሲያነሳም «እትዬ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ እንታገሥ» ነው መልሱ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ 530 ይበቃል ብሎኝ ነበር። ጎረቤታችን በ2022 መጀመሪያ በ560 ሸጣ ስለነበር እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ቤዝመንቱ ውስጥ የባለቤቴ ወንድም ይኖራል። ሌሊት ኡበር ስለሚነዳ ቀን ይተኛል። ስለዚህ የጓደኛዬ ልጅ ቤዝመንቱን ለማንም እንዳያሳይ ነግረነዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምርቃት ላይ ሌላ ሪልተር፣ ማለትም የቤት ሽያጭ ወኪል፣ አገኘኝ። «ደጃችሁ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ አየሁ። ለእኔ ብትሰጪኝ በ590 በአንድ ወር እሸጥልሻለሁ» አለኝና ካርዱን ሰጠኝ። ባለቤቴ ውሉ እስኪያልቅ እንጠብቅ ይላል። እኅቴ ዛሬውኑ አባሪው ትላለች። እኔ የምፈራው እናቱን ነው። በማኅበሩ ቀን ፊቷን እንዴት አያለሁ? ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እኅቴ፣ በ«እርስዎ» ከጀመርን መነቃቀፍ ስለሚከብደኝ አንቺ ልበልሽ። ዛሬ ትንሽ እነቅፍሻለሁና።

ከ19ኙ ሰዎች ልጀምር። ፎቶው ያናድዳል፤ እኔም ብሆን የሽንት ቤት ክዳኔ ዚሎው በሚባለው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ደስ አይለኝም። ግን በሁለት ሳምንት 19 ሰው ቤትሽ ድረስ መጥቷል። ፎቶው አላስቀራቸውም። መኪና አስነስተው፣ ቀጠሮ ይዘው መጡ፤ ቤቱን አዩ፤ ሄዱ። እዚህ አገር ቤት የሚሸጡ ሰዎች አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው። ማንም ካልመጣ ዋጋውን ወይም ማስታወቂያውን መርምር። መጥተው ምንም ሳይሉ ከሄዱ ዋጋውን ወይም ቤቱን መርምር። ያንቺ ሁለተኛው ነው።

ዋጋውን እንይ። ጎረቤትሽ በ2022 መጀመሪያ የሸጠችበት ገበያ ሌላ ገበያ ነው። ያኔ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ወለድ ገና ከ4 በመቶ በታች ነበር። በ2023 መገባደጃ ላይ 8 በመቶ ሊነካ ደርሶ ነበር። ይህ ለገዢው ምን ማለት እንደሆነ በወር ክፍያ ላስላልሽ። 450 ሺህ ዶላር የሚበደር ሰው በ3.5 በመቶ ወለድ በወር 2,020 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በ7 በመቶ ወደ 3,000 ይጠጋል። ግብርና ኢንሹራንስ ገና አልተጨመረም። ያው ቤት፣ ያው ብድር ነው፤ በየወሩ ግን ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይለያያል። የጎረቤትሽን ዋጋ ስትጠሪ ገዢዋ የነበራትን ወለድ አብረሽ ካልሰጠሽ አይሆንም።

ዋጋ የሚወጣው ባለፉት ሦስት ወይም ስድስት ወራት ውስጥ እዚያው ሰፈር ከተሸጡት ነው፤ በስፋትም በክፍል ብዛትም ያንቺን ከሚመስሉት። ለሽያጭ የተለጠፉት አይቆጠሩም፤ እነሱ ምኞት ናቸው። ልጁ 530 ሲልሽ ይህንኑ አስልቶ ይሆናል። ጠይቀሽዋል? ወይስ ገና ቁጥሩን ስትሰሚ ተናደድሽ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ያስደነገጠኝ ቤዝመንቱ ነው፤ አንቺ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሰው አንድ ፎቅ ሙሉ ሳያይ ይገዛል ብለሽ ነው? የተዘጋ በር ያየ ገዢ የሚያስበውን ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ውኃ ገብቶበታል ይላል። ሻጋታ አለበት ይላል። ደግሞ ተከራይ አልወጣ ብሏቸው ይሆናል ይላል፤ ይኼኛው ከሁሉም ይብሳል። የባለቤትሽ ወንድም ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ መተኛቱ አንጀት ይበላል። ግን ቤቱ እንዳይሸጥ የያዘው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሪልተሩ ሳይሆን የሱ እንቅልፍ ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ዘመድ ቤት ይተኛ። ወይም ቀጠሮ ሲያዝ ለሁለት ሰዓት ተነስቶ ቡና ይጠጣ።

አሁን ወደ ልጁ። እንበል ይህንን ሁሉ ያውቃል። ዋጋው እንደተሰቀለ ያውቃል፤ ቤዝመንቱ ገዢ እንደሚያባርር ያውቃል። ማን ይንገርሽ? ተመርቆ እንጀራ የጋገርሽለት ልጅ «እትዬ፣ ቁጥርሽ የማይሆን ነው፣ የባለቤትሽን ወንድም ቀስቅሺው» ይበልሽ? አንድ ጊዜ 530 አለ። እንቢ ስትዪው ዋጠው። ከዚያ ወዲህ የቀረው «ገበያው ቀዝቅዟል» ማለት ብቻ ነው። ስልክ የማያነሳውም ግማሹ ስንፍና ሊሆን ይችላል፤ ግማሹ ግን ፍርሃት ይመስለኛል። አንቺም በፊናሽ እሱን መቆጣት አልቻልሽም። ለእኔ ጻፍሽ እንጂ ለእሱ አልነገርሽውም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ጠርተሽ ታፋጥጪው ነበር። ዋናው ችግር ይህ ነው። ክፉ ቃል የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ውል ተፈራርማችኋል።

ነፃ አላወጣሁትም። ዘጠኝ ቀን ስልክ አለመመለስ ምንም ሰበብ የለውም። ባለሙያ ፎቶ አንሺ የጥቂት መቶ ዶላር ጉዳይ ነው፤ ያንን ያልከፈለ ሪልተር ለኮሚሽኑ ምን ሊሠራ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ19ኙ ሰዎች አስተያየት አንድም አልነገረሽም። ገዢ ይዞ የመጣ ሪልተር ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ይናገራል፤ «ወጥ ቤቱ አረጀባቸው»፣ «ዋጋው በዛባቸው»፣ «ታችኛውን ፎቅ ማየት አልቻሉም»። ይህንን ሰብስቦ ማምጣት የሱ ሥራ ነው።

የምርቃቱን ሰውዬ ግን እርሽው። ቤትሽን ከውስጥ ሳያይ 590 አለሽ። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። በትልቅ ቁጥር ውል ያስፈርምሻል፤ በሦስተኛው ሳምንት «ገበያው እንዲህ ሆነ» ብሎ መቀነስ ይጀምራል፤ አንቺም ታስረሻል። ደግሞ ሰሌዳውን አይቻለሁ ብሏል። ማለትም ከሌላ ቢሮ ጋር ውል እንዳለሽ እያወቀ ነው የመጣው። የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አንቀጽ 16 ላይ፣ ከሌላ ጋር ብቸኛ የሽያጭ ውል ያለውን ደንበኛ ሄዶ ማግባባት ክልክል ነው። ገና ሳይጀምር ደንብ የጣሰ ሰው ገንዘብሽን በምን ይጠብቅልሻል? ያንተም ሰሌዳ አንድ ቀን ይነቀላል በይው።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበል፤ እኅትሽ «ዛሬውኑ አባሪው» ስትል ያላየችው ነገር አለ። የፈረምሽው ውል፣ ብቸኛ የመሸጥ መብት የሚሰጥ ከሆነ፣ ማንም ያምጣው ማን ቤቱ በውሉ ጊዜ ከተሸጠ ለዚያ ቢሮ ኮሚሽን ትከፍያለሽ። ሁለተኛ ሪልተር ጋር በላዩ ብትፈርሚ ሁለት ኮሚሽን ሊመጣብሽ ይችላል። ውሉ ካለቀም በኋላ ቢሆን፣ በልጁ ጊዜ ቤቱን ያየ ሰው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ተመልሶ ቢገዛ ክፍያው ለመጀመሪያው ቢሮ ይሆናል የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው። ብዙ ውሎች ላይ ከሌላ ብሮከር፣ ማለትም ከሌላ የሽያጭ ቢሮ ኃላፊ፣ ጋር አዲስ ውል ስትፈርሚ ይህ አንቀጽ መሥራቱን ያቆማል። ያንቺ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አንብቢ። የቀናቱን ብዛትና የስረዛውን አንቀጽ በእስክሪፕቶ አስምሪበት። ስትሰርዢ የማስታወቂያ ወጪ መልሺ የሚል ውልም አለ፤ በስልክ ለተነሳ ፎቶ ስንት ይጠይቁሽ እንደሆን ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው። ውሉ ከልጁ ጋር አይደለም። እሱ በአንድ ብሮከር ፈቃድ ሥር የሚሠራ ሰው ነው፤ ውሉ የብሮከሩ ነው። ስለዚህ ልጁ ቢስማማም ብቻውን ሊሰርዝልሽ አይችልም። በሌላ በኩል ብሮከሩ ውሉን ሳያፈርስ እዚያው ቢሮ ላለ ልምድ ያለው ሰው ሊሰጥልሽ ይችላል። ኮሚሽኑን ሁለቱ እንዲካፈሉ ማድረግም ይችላል። ልጁ ከሙያተኛ ጎን ሆኖ ይማራል፤ አንቺም ቤትሽ ይሸጣል፤ እናቱም «ልጄን አባረረችው» አትልም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በዚህ ሳምንት ልጁን እጠራዋለሁ። ቤትሽ አይሁን፤ ቤትሽ ከመጣ ታበይዋለሽ፣ ነገሩ ያልቃል። ቢሮው ሂጂ። ባለቤትሽም ይኑር። «ዛሬ የጓደኛዬ ልጅ አይደለህም፤ ደንበኛህ ነኝ። ቤቴን ለምን እንዳልገዙት ሳታፍር ንገረኝ» በይው። ከዚያ ዝም በይ። የምር ዝም በይ፤ ቁጥር ሲጠራ ፊትሽን አታጨማድጂ።

ቤዝመንቱን ራሱ ካነሳው ሰሚው፤ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። የ19ኙን ሰዎች አስተያየትና በቅርብ የተሸጡትን ቤቶች ዝርዝር በወረቀት ይዞ ከመጣ ሁለት ሳምንት ስጪው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አዲስ ፎቶ ይነሳ፤ ቤዝመንቱ ይከፈት፤ ዋጋው እሱ በሚያሳይሽ ማስረጃ ይስተካከል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ይደውል፤ ወሬ ባይኖርም ይደውል። እንደገና «ገበያው ቀዝቅዟል» ብቻ ካለሽ ግን በማግስቱ ለብሮከሩ በጽሑፍ አመልክቺ፤ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል። ባለቤትሽ ውሉ እስኪያልቅ እንጠብቅ የሚለው አይመቸኝም። የስድስት ወር ውል ከማርች ሲቆጠር ኦገስት መጨረሻ ይደርሳል፤ ዋናው የሽያጭ ወቅት ጸደይ ደግሞ ያኔ አልፏል። ገዢ ስንት ቀን እንደቆየ ይቆጥራል። ቤት ገበያ ላይ በቆየ ቁጥር «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር። አዲስ ውል የምትፈርሚ ከሆነ የገዢው ሪልተር ክፍያ እንዴት እንደተጻፈ ጠይቂ። ከኦገስት 2024 ወዲህ ያንን ክፍያ በሪልተሮቹ የጋራ የቤት መዝገብ ላይ መለጠፍ ቀርቷል፤ በድርድር ነው የሚያልቀው። ድሮ እንደለመድነው «ስድስት በመቶ ነው» ብሎ የሚያልፍሽን አትቀበይ።

እናቱን በሚመለከት፣ ሽማግሌ አትላኪ፤ የቤት ሽያጭ ጋብቻ አይደለም። ከልጁ በፊትም አትንገሪያት። ሰውዬው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ቢሆን እንኳ እናቱ ቀድማ ከሰማች ልጅ ይሆናል። ከእሱ ጋር ተነጋግረሽ ስትጨርሺ ግን ለማኅበሩ ቀን አታቆይው፤ በዚያው ምሽት ደውይላት። «ልጅሽን ስለ ሥራ ተናግሬዋለሁ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው» በያት። ልትቀየም ትችላለች። ሃያ ዓመት ጽዋ አብራችሁ የጠጣችሁ ሰዎች አንድ ወር ብትኳረፉ አይገርምም። ያን ያህል ጊዜ አንድ ቤት ሳይሸጥ ቆሞ በየማኅበሩ ቀን «ቤቱስ?» ስትልሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ፈገግ ከምትዪ ግን ኩርፊያው ይሻላል።

የባለቤትሽን ወንድም ዛሬ ማታ ሥራ ሳይወጣ አነጋግሪው።